የክረምት ወራት ጤናና የመምህር ኃላፊነት

(በካምፓላ ከተማ፣ በኪሱጉ፣ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)




ስለ ክረምት ወራት ጤና አጠባበቅ ጥቂት ቃል እንዳሰማ በመጠየቄ ደስታም ሐሳብም ተሰምቶኛል። ደስታው፣ ከሙያ ባልደረቦች ጋር ተቀምጦ በአገር ቋንቋ መነጋገር በሰው አገር ላለ ሰው ትልቅ ነገር በመሆኑ ነው። ሐሳቡ ደግሞ፣ እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር እንጂ ሐኪም ባለመሆኔ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ለማዘዝ አልደፍርም። የምናገረው አንድ መምህር ሊያውቀውና ሊያደርገው ስለሚገባው ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ጥቂት እንዳልሆነ በንግግሬ መጨረሻ ትስማሙልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በአገራችን አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። ገበሬው የሚያርስበትና የሚዘራበት፣ ወንዙ የሚሞላበት፣ መንገደኛው ጉዞውን የሚያቆምበት ወቅት ነው። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወራት ነው። ተማሪው ፈተናውን ፈጽሞ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፤ ዐደይ አበባ ሲፈነዳ ይመለሳል። በመካከሉ ባሉት ወራት ስንቱ እንደ ታመመ፣ ስንቱ ከምድጃ ዳር ሆኖ ሲስል እንደ ከረመ፣ ስንቱም ጨርሶ እንዳልተመለሰ መምህሩ የሚያውቀው በመስከረም ስም ሲጠራ ነው። ስለዚህ በክረምት የሚመጣ ሕመም የወላጅ ጭንቀት እንጂ የመምህር ሥራ ሆኖ ሳይታይ ኖሯል ለማለት ይቻላል።

እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካምፓላ ከምድር ወገብ አጠገብ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ ዋና ዝናቧ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። የዩጋንዳ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ወቅት ከፍለው ያስተምራሉ። የመጀመሪያው ዝናብ የሚወርደው በአብዛኛው በአንደኛው የትምህርት ወቅት፣ ሁለተኛው ዝናብ የሚወርደው በሦስተኛው የትምህርት ወቅት ነው። ረዥሙ ዕረፍት የሚሰጠው ከታኅሣሥ እስከ ጥር መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። እንግዲህ በአገር ቤት ክረምት ልጆቹን ከእጃችን ይወስዳቸዋል፤ በዚህ አገር ግን ክረምት ልጆቹን በእጃችን እንዳሉ ያገኛቸዋል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የክረምት ጤና በዚህ ከተማ ለሚያስተምር ኢትዮጵያዊ መምህር የዕረፍት ጊዜ ወሬ ሳይሆን የክፍል ሥራ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ከአገራችን ይዘነው የመጣነውን አንድ የቆየ ሐሳብ መመርመር ያስፈልጋል። እኛ ደገኞች ክረምትን የምንፈራው ስለ ብርዱ ነው። ልጅ ሲያስለው ብርድ መታው እንላለን፤ ሲያተኵሰውና ራሱን ሲያመው ምች ነው እንላለን። ከዚህ የተነሣ ጤና መጠበቅ ማለት ጋቢ መደረብ፣ መስኮት መዝጋትና ከእሳት ዳር መቀመጥ ይመስለናል። ልብስ መደረቡ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን ብርድ ብቻውን ጕንፋን አይፈጥርም፤ ጕንፋንን የሚያመጣው ከታማሚ ወደ ጤነኛ የሚተላለፍ፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። የሳምባ ምችም እንዲሁ በተሕዋስ ይመጣል።

ታዲያ በደጋው አገር በሽታ በክረምት ለምን ይበዛል? መልሱ ብርዱን በምንሸሽበት መንገድ ውስጥ ይገኛል። ብርዱን ለመሸሽ ብዙ ሰው በአንድ ጠባብ ቤት ይታፈጋል፤ የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው ይደርሳል። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ እሳት ስለሚነድ ጭሱ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳምባ ያደክማል። ገላ መታጠብና ልብስ ማጠብ ስለሚቀንስ ቅማል ይራባል፤ ቅማልም ተስቦንና የሚያገረሽ ትኵሳትን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። ጐርፉ ከሜዳ ላይ የሰውንና የእንስሳን እዳሪ ጠርጎ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ስለሚያገባው የተቅማጥ በሽታ ይነሣል። እንግዲህ ጠላታችን የተፋፈገ አየር፣ የተበከለ ውሃና በሽታን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግር ነፍሳት ነው። ብርዱ ለእነዚህ ሁሉ በር ይከፍታል እንጂ እርሱ ራሱ በሽታው አይደለም።

ይህን ልዩነት ማወቅ የሚጠቅመው በተለይ አገር ለለወጠ ሰው ነው። ብርዱን ብቻ የፈራ ሰው ብርድ ወደሌለበት አገር ሲመጣ ከክረምት ያመለጠ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ካምፓላ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሐምሌ አዲስ አበባን የሚያንቀጠቅጣት ዐይነት ቅዝቃዜ በኪሱጉ አይታወቅም። ከላይ የቈጠርናቸው ሦስቱ ጠላቶች ግን ሳይቀሩ እዚህም አሉ። አየሩ ሞቃት በመሆኑም አንደኛው፣ ማለትም ነፍሳቱ፣ ከደጋው ይልቅ እዚህ በርትቶ ይገኛል።

ኪሱጉን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በማኪንዴ ክፍለ ከተማ፣ በሙዬንጋ ኮረብታና በናሙዎንጎ ረባዳ መካከል የተቀመጠች ሰፈር ናት። ከበላይዋ በሙዬንጋ ራስ ላይ ለከተማይቱ ውሃ የሚያከፋፍሉት ታላላቅ የውሃ ጋኖች አሉ፤ ከበታችዋ የከተማውን እጣቢና ጐርፍ ሰብስቦ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወስደው የናኪቩቦ ቦይ ያልፋል። ዝናብ በወረደ ቁጥር ከላይ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ከካባላጋላ እስከ ካንሳንጋ ድረስ በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም ከናሙዎንጎ ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ስለዚህ ኮረብታው ላይ ቤት የተከራየ ሰው ከረባዳው በሽታ ነጻ ነኝ ለማለት አይችልም። ጐርፉ ባይገናኘው በትምህርት ቤቱ ይገናኘዋል።

አሁን ሦስቱን ጠላቶች በተራ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው ወባ ነው። ወባን በሚመለከት ደገኛው ማወቅ ያለበት አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ዕድገቱን ለመፈጸም ሙቀት ይፈልጋል፤ የአየሩ ሙቀት ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ ዕድገቱን ሊፈጽም አይችልም። አያቶቻችን ደጋውን መርጠው የሰፈሩበት፣ ወደ ቆላ መውረድን ይፈሩ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተሕዋሱን ባያውቁትም ጕዳቱን ያውቁት ነበር። የካምፓላ አማካይ ሙቀት ግን 21 እና 22 ዲግሪ ያህል ነው። በከተማይቱ መካከል ወባው ከገጠሩ ያነሰ ቢሆንም፣ በረግረግና በቦይ አጠገብ ባሉ ሰፈሮች ግን ትንኙ አይጠፋም። ዩጋንዳም በዓለም ላይ ከባድ የወባ ሸክም ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት።

በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ። በወባ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ከመያዙ የተነሣ ሰውነቱ በመጠኑ መቋቋምን ይማራል፤ ከደጋ የመጣ ሰው ግን ጐልማሳም ቢሆን በዚህ ረገድ እንደ ሕፃን ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚጐዳ የራሳችን ታሪክ ያስረዳል። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዝናቡና ሙቀቱ ከልማድ ውጪ በሆነበት ጊዜ፣ ወባ ከ1,600 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ወይና ደጋው ወጥቶ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙ፣ 150,000 ያህሉም እንደ ሞቱ ተገምቷል። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው በሽታው አዲስ ስለ ነበረ ሳይሆን ሰውነቱ ለበሽታው አዲስ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ካምፓላ የገባ ቤተ ሰብም በግሉ በዚያው ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ስለዚህ በኪሱጉ አንድ ልጅ አተኵሶት ራሱን ሲያመውና ሲያንቀጠቅጠው፣ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ማጠጣትና በጋቢ ጠቅልሎ ማስተኛት እንደ አገር ቤቱ ቀላል ነገር አይደለም። ፋልሲፓረም የሚያመጣው ወባ ሕክምና ሳያገኝ ከቈየ በ24 ሰዓት ውስጥ እንኳ ወደ ከባድ ደረጃ ሊደርስና ሊገድል ይችላል። ሦስት ቀን እንየው የሚለው የደጋ ትዕግሥት በዚህ አገር የልጅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ዳማከሴውን የምትወድ እናት ትስጥ፤ ነገር ግን ደሙ በዚያው ቀን ይመርመር። የዚህ አገር ሰዎች በሉጋንዳ ቋንቋ ትኵሳትን ኦሙሱጃ ይሉታል፤ ወባን ለይተው ለመጥራት ሲፈልጉም ኦሙሱጃ ግዌንሲሪ ይላሉ፤ ትርጕሙም የትንኝ ትኵሳት ማለት ነው። በሽታውን ከነምክንያቱ የሚጠራ ስም ነውና ልጆቻችን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

መምህሩ በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ ለማየት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የወባ ትንኝ በተቋጠረ ውሃ ላይ እንቍላሏን ከጣለች በኋላ አዲሱ ትንኝ እስኪወጣ ዐሥር ቀን ያህል ይፈጃል። ትንኚቱ ታማሚ ሰው ነክሳ ተሕዋሱን ከወሰደች በኋላ፣ ተሕዋሱ በውስጧ እስኪበስል ሌላ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ጤነኛውን ሰው ከነከሰችው በኋላም ትኵሳቱ እስኪነሣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሲደመር ከአንድ ወር በላይ ይሆናል። እንግዲህ ዝናቡ በደንብ ከጀመረ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ የቀሪ ተማሪዎች ቍጥር ሲጨምር ያየ መምህር፣ የሚያየው የስንፍና ምልክት ላይሆን ይችላል። የስም መጥሪያ መዝገባችን እውነተኛ የጤና መሣሪያ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀሪ ብሎ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ከጐኑ የቀረበትን ምክንያት በአንድ ቃል ማስፈር፣ የዝናቡንም መጀመሪያ ቀን መጻፍ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። በዓመቱ መጨረሻ ግን ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ መቼ መዘጋጀት እንዳለበት በግልጽ ይነግረዋል።

ከዚህ ሌላ መምህር ሊያስተምራቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ስለዚህ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ዋናው ጋሻ ነው። የዩጋንዳ መንግሥት አጎበር በየጊዜው በነጻ ያድላል። በቤት ውስጥ ግን አጎበሩ ለእናቲቱና ለሕፃኑ ይሰጥና የስምንትና የዐሥር ዓመቱ ልጅ ያለ አጎበር ያድራል። ይህ ልጅ ነው በማግሥቱ በፊታችን የሚቀመጠው። ተሕዋሱን በደሙ ይዞ ሳይተኛ የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ ደሙ አንሶ፣ ዓይኑ ፈዞ፣ ትምህርቱ አልገባው ብሎ ይታያል፤ ሰነፍ ከመባሉ በፊት ይመርመር። መድኃኒት ሲታዘዝለትም የሦስቱን ቀን ሙሉ መዋጥ እንዳለበት፣ ትኵሳቱ ሲበርድ የቀረውን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ እንደማይገባ ልጁም ወላጁም ይወቁ። ወደ ናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር ዘመድ ለመጠየቅ ሄደው የሚመለሱ ቤተ ሰቦችም፣ ከተመለሱ በኋላ ትኵሳት ቢነሣባቸው ጕዞአቸውን ለሐኪሙ መንገር አለባቸው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ዩጋንዳ ለትንንሽ ሕፃናት የወባ ክትባት መስጠት ጀምራለች። ታናሽ ወንድምና እኅት ያላቸው ተማሪዎቻችን ይህን ወሬ ወደ ቤታቸው ቢያደርሱ፣ እናቶችም በጤና ጣቢያ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሁለተኛው ጠላት የተበከለ ውሃ ነው። በካምፓላ ረባዳ ሰፈሮች ብዙ ሰው ከምንጭ ይቀዳል። ምንጩ በሲሚንቶ ተገንብቶ ቧንቧ ቢወጣለትም፣ ከበላዩ ባለው ዳገት ላይ ብዙ የጕድጓድ መጸዳጃ ቤቶች ካሉ ውሃው በመሬት ውስጥ ሲያልፍ ይበከላል። ጥራቱን በዓይን መፍረድ አይቻልም፤ ጠርቶ የሚታይ ውሃ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። በ1990 ዓ.ም. ኤል ኒኞ የተባለው የአየር ጠባይ ለውጥ ባመጣው ከባድ ዝናብ ጊዜ ኮሌራ በዚህ ከተማ ገብቶ ብዙ ሰው አሳምሟል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ታይፎይድ፣ ማለት የአንጀት ተስቦ፣ በካምፓላ ተነሥቶ ነበር፤ ሲመረመር በተበከለ የመጠጥ ውሃና በየመንገዱ ከሚሸጡ መጠጦች ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በትምህርት ቤት በር ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን ጭማቂና ውሃ የሚገዛው ማን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ውሃ ፈልቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲንተከተክ እነዚህን ተሕዋሳት ይገድላል። ከሙዬንጋ ጋን በቧንቧ የሚወርደው ውሃ የተጣራ ቢሆንም፣ በጀሪካን ተቀድቶ፣ በልጅ ተሸክሞ፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ሲቀመጥ እንደገና ይበከላልና እርሱም ይፈላ። የፈላው ውሃ ክዳንና መቅጃ ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ እንጂ እያንዳንዱ ልጅ ኩባያውን ከነእጁ የሚነክርበት አይሁን። ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡና ከመብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ የተቅማጥን በሽታ እጅግ ይቀንሳል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በእጃችን የምንበላ፣ ከአንድ መሶብ የምንቈርስ፣ የምንጐራረስ ሕዝብ ነን። ከገበታ በፊት ማስታጠቢያ ይዞ መዞር የኖረ ባህላችን ነው፤ የጐደለው ሳሙናው ነው። አዲስ ልማድ እንፍጠር ሳይሆን ያለውን ልማድ እንሙላው ብለን ብናስተምር ሰሚ እናገኛለን።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ከሁሉ በፊት የሚጐዳው ውሃና ጨው ከሰውነቱ በማለቁ ነው። ስለዚህ ምግብና መጠጥ መከልከል ስሕተት ነው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ካልተገኘ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ይቻላል። ይህን ልክ እያንዳንዱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በቃሉ ቢያውቀው የሒሳብም የንባብም ትምህርት ይሆናል፤ አንድ ቀን ደግሞ ታናሹን ያተርፍበታል።

ሦስተኛው ጠላት የታፈነ አየር ነው። ዝናብ ሲወርድ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ ውሃው በመስኮት ይገባል፤ ስለዚህ መስኮቱ ይዘጋል። ከዝናቡ በኋላ ግን ተዘግቶ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ብዙ ልጆች የታጐሩበት የተዘጋ ክፍል ለጕንፋን፣ ለኩፍኝና ለሳምባ ነቀርሳ የተመቸ ነው። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መለወጫ ላይ መስኮቱን መክፈት፣ ሲያስሉ በክንድ መሸፈንን ማስለመድ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለውን ልጅ ወደ ምርመራ መላክ በመምህሩ እጅ ያለ ሥራ ነው። በቤትም ዝናብ ያቀዘቀዘውን ሌሊት ለማሞቅ የከሰል ምድጃ ለኩሶ በር ዘግቶ መተኛት ከባድ አደጋ አለው። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም ስለሌለው ቤተ ሰቡን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል። ቡና የተፈላበት ከሰል እንኳ ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ።

ስለ አየር ወለድ በሽታ ስናነሣ ሁለት ትዝታዎች አሉን። የመጀመሪያው የአገራችን ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጅቷል፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ ብሎ ሰየመው። ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማዳችን ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይታሰባል። ጭሱ በሽታን አያባርርም፤ በተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ እንዲያውም ሳምባን ይጐዳል። የልማዱ ቁም ነገር ግን ሕዝብ በአንድ ቀን ተነሥቶ ደጁን ማጽዳቱ ነው። በካምፓላ ኅዳር ሁለተኛው ዝናብ የሚበረታበት ወር ነው፤ ልጆቻችን በዚያ ቀን በማቃጠል ፈንታ የተዘጋውን ቦይ ቢከፍቱ፣ ውሃ የቋጠረውን ጕድጓድ ቢደፍኑ የአባቶቻቸውን ልማድ በሚገባ ቦታው አዋሉት ማለት ነው።

ሁለተኛው ትዝታ የዚህ አገር ነው፤ ብዙዎቻችሁም ዐብራችሁት አሳልፋችኋል። በኮቪድ ምክንያት የዩጋንዳ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግተው፣ በመካከሉ ለአንዳንድ ክፍሎች ቢከፈቱም፣ ለሁሉም በሙሉ የተከፈቱት በጥር 2014 ዓ.ም. ነበር። በዓለም ላይ ከታዩት የትምህርት ቤት መዘጋቶች ሁሉ ረዥሙ ይህ እንደ ነበር ይነገራል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ ወንበራቸው ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ፤ ወደ ሥራ የገቡ፣ ያለ ዕድሜያቸው እናት የሆኑ ነበሩ። ጤና የትምህርት ተጨማሪ ጌጥ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን ነገር አይኖርም። ጤና ከሌለ በሩ ራሱ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ስናገር፣ መምህሩ ስንት ሸክም ይችላል የሚል ጥያቄ በልባችሁ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ ክፍሉ የሞላ፣ አንዳንዱም ራሱ ስደተኛ ሆኖ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ረግረጉን ማድረቅ፣ የውሃ መስመር መዘርጋት፣ መጸዳጃ ቤት መሥራት የመንግሥትና የከተማው ሥራ ነው፤ መምህሩ ይህን ሊሠራ አይችልም፤ ባለመሠራቱም ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን በወላጁና በጤና ጣቢያው መካከል የቆመ ሌላ ሰው የለም። አዲስ የመጣች እናት ቋንቋውን አታውቅም፤ የሚጠየቀውን ገንዘብ ትፈራለች፤ ወረቀቴ ይጠየቃል ብላ ትሰጋለች፤ ስለዚህ ልጇን በቤት ትይዘዋለች። በዩጋንዳ ሥርዓት ስደተኛ በመንግሥት ጤና ጣቢያ እንደ አገሩ ሰው እንደሚታከም፣ ኪሱጉም የራሷ የመንግሥት ጤና ጣቢያ እንዳላት የሚነግራት ማን ነው? ልጁ ከመቼ ጀምሮ እንዳተኰሰው በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር ጽፎ የሚሰጣትስ ማን ነው? እናት በመጀመሪያ የምታምነው ልጇን የሚያስተምረውን ሰው ነው። ያ ሦስት መስመር አንድ ቀን ያድናል፤ በወባ ነገር አንድ ቀን ምን ማለት እንደ ሆነ ቀደም ብለን ተናግረናል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች በትሕትና የማቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። ሁለቱ የዝናብ ወራት ከመጀመራቸው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የመምህራን ስብሰባ ተደርጎ አምስት ነገሮች ይታዩ። የክፍሎቹ መስኮቶች ይከፈታሉ ወይ? የመጠጥ ውሃው ይፈላል ወይ፣ ዕቃውስ ክዳን አለው ወይ? ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ውሃና ሳሙና አለ ወይ? በግቢው ውስጥና በአጥሩ ዙሪያ ውሃ የሚቋጥር ጕድጓድ ተደፍኗል ወይ? በክፍል ውስጥ ያተኰሰውን ልጅ ማን ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚወስደው፣ ወላጁንም ማን እንደሚጠራ ተወስኗል ወይ? በተለይ የበላውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ሰውነቱ የሚንዘፈዘፍ፣ መቀመጥ የተሳነው ወይም ንግግሩ የተዛባ ልጅ ሲገኝ የወላጅ መምጣት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና እንዲወሰድ አስቀድሞ ይወሰን። በጭንቅ ሰዓት የሚደረግ ምክክር ጊዜ ያባክናል።

ለእኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ላለነውም የሚደርሰን ክፍል አለ። ዕጩ መምህሩን የትምህርት አሰጣጥ ዘዴ፣ የክፍል አያያዝና የፈተና አወጣጥ እናስተምረዋለን። የታመመን ልጅ ከሰነፍ ልጅ ለይቶ ማወቅን ግን ብዙ ጊዜ ለራሱ እንተወዋለን። በመጨረሻ ወንበር ላይ ያንቀላፋውን ተማሪ አይቶ፣ አለንጋውን ከማንሣቱ በፊት እጁን በልጁ ግንባር ላይ የሚያኖር መምህር ማውጣት ከቻልን፣ ከብዙ የትምህርት መጽሐፍ የሚበልጥ ሥራ ሠርተናል ብዬ አምናለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣

የዘንድሮውም ዝናብ እንደ ወትሮው ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ሙዬንጋ ላይ ወርዶ በኪሱጉ አልፎ ወደ ናሙዎንጎ ይወርዳል፤ ለማቆም የሚቻለው የለም። እኛም እንዳይዘንብ አንመኝም፤ የዘነበበት አገር የጠገበ አገር ነውና። የምንመኘው ዝናቡ ሲያባራ፣ ስም ሲጠራ፣ በመዝገባችን ላይ የተጻፈው ልጅ ሁሉ አቤት ብሎ እንዲመልስ ነው። ይህም ምኞት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ከነገው ስም መጥሪያ ጀምሮ እያንዳንዳችን የቀረውን ልጅ ለምን ቀረ ብለን እንጠይቅ።